ክራክ ሶፍትዌር የሶዶን ዘፈን አያድንም

ወላይታ ሶዶ ውስጥ ዘፈን ለመቅረጽ ዛሬ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ማይክ፣ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ የተሰቀለበት ጠባብ ክፍል፣ መብራት የማይጠፋበት ሁለት ሦስት ሰዓት። ለጊፋታ የሚደርስ ዘፈንም ሆነ ለእሑድ ጉባኤ የሚቀርብ የመዘምራን መዝሙር እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ሊሠራ ይችላል። ይህ የሚያኮራ ነገር ነው። የማያኮራው ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ቀረጻው አልቆ "አሁን በምን ማስተር ይደረግ?" ሲባል መልሱ ከአፍ የሚቀድም ነው፦ "ፍላሽ አምጣ፣ ክራኩን እጭንልሃለሁ።"

ይህ መልስ ስለተለመደ ብቻ ትክክል ይመስላል። ለቤት ቀረጻ የሚበቃ ሶፍትዌር በሕጋዊ መንገድ በነጻ እየተገኘ የተሰረቀውን መምረጥ ድህነት ያመጣው ነገር አይደለም፤ ልማድ ነው። ከልማዱ ሥር ደግሞ ንቀት አለ። "ነጻ ከሆነማ አይረባም" የሚል ንቀት።

መጀመሪያ ማስተሪንግ ራሱ ምን እንደሆነ ይለይ። ማስተሪንግ የተበላሸን ቀረጻ የሚፈውስ አስማት አይደለም። ሚክስ ተደርጎ ያለቀን ዘፈን ተቀብሎ መጨረሻውን ማበጀት ነው። የቤዙንና የቀጭኑን ድምጽ ሚዛን ማየት፣ አንዱ ዘፈን ከሌላው ጋር እኩል ከፍታ እንዲኖረው ማድረግ፣ መነሻና መድረሻውን ማጽዳት፣ በዘፈኖቹ መካከል ያለውን ዝምታ መወሰን፣ በመጨረሻም ለሲዲ ወይም ለዩቲዩብ በሚስማማ ፋይል ማውጣት። ለዚህ የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች አራት ናቸው፦ ኢኳላይዘር፣ ኮምፕረሰር፣ ሊሚተርና የድምጽ መለኪያ። አራቱም ያለ ምንም ክፍያ ይገኛሉ።

ኦዳሲቲ እ.ኤ.አ. በ2000 ከወጣ ጀምሮ ነጻ ነው፤ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው። ድምጽ ይቀርጻል፣ ይቆርጣል፣ የሚንሿሿ ቀረጻ ያጸዳል፣ የዘፈኖችን ከፍታ ያስተካክላል። ብዙ ትራክ የሚያቀናብር ሰው ከፈለገ ደግሞ ሪፐር አለ። መጫኛው ከ20 ሜጋባይት ያነሰ ስለሆነ ዳታ አይጨርስም፤ ለ60 ቀን ምንም ሳይጎድልበት እንዲሞከር ይፈቀዳል፤ ከዚያ በኋላ ለግለሰብ 60 ዶላር ነው። ክራክ ሆነው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት ትልልቅ ፕሮግራሞች ግን በጊጋባይት የሚቆጠሩ ናቸው። ከውስጣቸውም የቤት ቀራጩ የሚነካው ጥቂቱን ነው።

እዚህ ላይ ተቃውሞ ይነሳል፤ ተቃውሞውም እውነት አለው። 60 ዶላር ለሶዶ ወጣት ቀላል ገንዘብ አይደለም። የውጭ ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። 3,400 ብር አካባቢ የነበረው ፈቃድ ከ6,000 ብር በላይ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህም አልቀነሰም። ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ አብዛኛው ሰው እጅ ላይ ያለው የባንክ ካርድ የውጭ ድረ ገጽ ላይ አይከፍልም። ውጭ አገር ዘመድ የሌለው ሰው ምን ያድርግ?

ይህ ሁሉ ግን ለክራክ ጥብቅና አይሆንም። ኦዳሲቲ አንድ ብርም አይጠይቅም። ዶላሩ የተወደደበት ሰው ነጻው ላይ ይሥራ፤ ዘፈኑ ገንዘብ ማምጣት ሲጀምር የሚከፈልበትን ይግዛ። "ውድ ነው" የሚል ምክንያት ውዱን ለመተው ይበቃል፤ ውዱን ለመስረቅ ግን አይበቃም።

ደግሞስ ክራክ ነጻ ነው ያለው ማን ነው? ለመጫን መጀመሪያ የሚጠይቀው አንቲቫይረሱ እንዲጠፋ ነው። በሩን ከፍቶ ሌባ የሚያስገባ ቤት እንግዲህ ምን ይሆናል? ቫይረሱ ከላፕቶፑ ወደ ፍላሽ፣ ከፍላሹ ወደ ሙዚቃ ቤቱ ኮምፒውተር፣ ከዚያ ዘፈን ሊያስጭን ወደመጣው ሰው ሚሞሪ ይዞራል። ፕሮግራሙ አፕዴት አይደረግም። ዊንዶውስ ሲቀየር እምቢ ይላል፤ ያን ጊዜ የዓመት ሥራ የተቀመጠበት ፕሮጀክት አይከፈትም። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት ይኸው ነው።

እዚህ ላይ የሚጠፋው ደግሞ ፋይል ብቻ አይደለም። በወላይትኛ የተዘፈነ የሠርግ ዜማ፣ የሽማግሌ የለቅሶ እንጉርጉሮ፣ የአንድ አጥቢያ መዘምራን የመጀመሪያ መዝሙር ብዙ ጊዜ ያለው አንድ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የጠፋ ታዋቂ ዘፈን ከሌላ ሰው እጅ ይገኛል። ሶዶ ውስጥ ከአንድ ሃርድ ዲስክ ጋር የሞተ ቀረጻ ግን ዘፋኙ በሕይወት ከሌለ ተመልሶ አይመጣም።

ሌላው ጉዳይ የኅሊና ነው። የኢትዮጵያ ሙዚቀኞች ሥራቸው እየተባዛ መቸብቸቡ አንገሽግሿቸው አዲስ ሥራ አናወጣም ብለው ያደሙበት ጊዜ ነበር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣው ከዚያ ሁሉ ጩኸት በኋላ ነው። ይኸው አዋጅ "ሥራ" ብሎ ከሚጠራቸው መካከል የኮምፒውተር ፕሮግራም አንዱ ነው። በተሰረቀ ሶፍትዌር የተሠራን ዘፈን ይዞ "ዘፈኔን ሰረቁኝ" ብሎ መክሰስ ምን ዓይነት ፊት ይጠይቃል? መብት ለራስ ሲሆን ቅዱስ፣ ለሌላው ሲሆን ቅንጦት ሊሆን አይችልም።

ሲዲ በርን ማድረግም እንደዚሁ ነው። ዛሬም ኔሮን ክራክ አድርጎ የሚጭን አለ። ሲዲበርነርኤክስፒና ኢምግበርን ግን ነጻ ናቸው፤ ሪፐር ራሱም ዘፈኖቹን ለሲዲ አዘጋጅቶ ያወጣል። ማወቅ የሚያስፈልገው ትንሽ ነገር ነው። የሙዚቃ ሲዲ 44.1 ኪሎኸርዝና 16 ቢት ነው፤ ቢበዛ 80 ደቂቃ ይይዛል። ፋይሉ በዌቭ ይውጣ፤ ከኤምፒ3 ተመልሶ የተሠራ ሲዲ የጎደለውን ድምጽ አይመልስም። ዲስኩ ዘፈን በዘፈን ሳይሆን ባንድ ጊዜ ይጻፍ፤ አለዚያ በዘፈኖቹ መካከል ያልታሰበ የሁለት ሰከንድ ክፍተት ይገባል። ካለቀ በኋላ በሌላ ማጫወቻ ተሰምቶ ይረጋገጥ። ይህን ለማወቅ ክራክ ሳይሆን አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

"የሲዲ ዘመን አልፏል" የሚል ይኖራል። ለገበያ እውነት ነው፤ አዲስ ላፕቶፕ የሲዲ ማስገቢያ እንኳ የለውም። ለማስቀመጥ ግን ገና ነው። ፍላሽ በስህተት ፎርማት ይደረጋል፤ ስልክ ይሰረቃል። አንዴ የተጻፈ ሲዲ ግን ማንም በላዩ ሌላ ነገር አይጽፍበትም። ፀሐይና ሙቀት ስለሚያበላሹት በጨለማ ይቀመጥ፤ ሁለት ቅጂ ይሁን፤ ሁለቱ በተለያየ ቤት ይደሩ። ዌቩ ደግሞ ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ይኑር።

ስለ ድምጽ ከፍታም አንድ ነገር መባል አለበት። ክራኩ የሚፈለገው ብዙ ጊዜ "እንዲጮህ" ነው። ዩቲዩብ ግን ከተወሰነ ልክ በላይ የጮኸን ዘፈን ራሱ ዝቅ አድርጎ ያጫውተዋል፤ ልኩም በሚለካበት ሚዛን ከዜሮ በታች 14 ገደማ ነው። በሊሚተር ተጨፍልቆ የተላከ ዘፈን ዩቲዩብ ላይ ሲደርስ ጩኸቱን ይነጠቃል፤ የሚተርፈው ጭፍለቃው ነው። የክራሩ ጫፍና የከበሮው ምት የሚሞተው እዚያ ነው። ይህን የሚያድነው ሶፍትዌር አይደለም፤ ጆሮ ነው።

ታዲያ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ማስተር ማስደረግስ? የሠለጠነ የሌላ ሰው ጆሮ ለመከራየት ከሆነ ገንዘቡ ይገባዋል። "እዚያ ያለው ሶፍትዌር የተለየ ነው" ተብሎ ከሆነ ግን የመኪናው ታሪፍ በከንቱ ነው የሚወጣው። አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ዲስክ ማሳተም ሲጀምር ሥልጣኑ በንጉሡ አዋጅ የተሰጠው ለሌላ ነበር፤ ማተሚያ አገር ውስጥ ስላልነበረም የመጀመሪያዎቹን ዲስኮች ሕንድ አሳትሟል። በዚያ ዘመን ባለ ሙያዎች የተሠሩት ዘፈኖች ዛሬም ዓለም ይሰማቸዋል። የሠሩባቸው መቅጃዎች ዛሬ አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚችለውን የትራክ ብዛት አያውቁም ነበር።

ሶዶ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መንግሥት መቀመጫ ናት። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አላት። የኮምፒውተር ክፍል ያለው ተቋም ሁሉ ኦዳሲቲን በነጻ መጫንና ለከተማው ቀራጮች የአንድ ሳምንት ሥልጠና መስጠት ይችላል፤ የሚጠይቀው ዶላር አይደለም፤ ፈቃደኝነት ነው። የባህል መሥሪያ ቤቶችም የጊፋታ ሰሞን መድረክ ማዘጋጀት ብቻ አይበቃቸውም። መድረኩ ላይ የተዘፈነው በዌቭ ተቀርጾ፣ የዘፋኙ ስምና ቀኑ ተጽፎበት፣ ሁለት ቦታ ካልተቀመጠ በዓሉ ሲያልፍ ዘፈኑም አብሮ ያልፋል።

እስከዚያው ግን ውሳኔው በቀራጩ እጅ ነው። ነጻው ሶፍትዌር አለ፤ ባዶ ሲዲ አሁንም ይገኛል፤ ዘፈኑም አለ። ክራኩን የጫነ ሰው የተበደረው መሣሪያ አንድ ቀን ይዘጋበታል፤ ነጻውን የተማረ ሰው ግን እውቀቱን ማንም አይዘጋበትም። ለወላይታ ዘፈን የሚሻለው ሁለተኛው ነው።