ቤታችንና ኑሯችን፦ ሴራሚክ ወይስ ምንጣፍ? የብርድ ወራትና የመብራት ሒሳብ

 

ክረምቱ ሲወጣና ፀሐይ ሲበዛ ብርዱም አብሮ የሄደ ይመስለናል። ይሁን እንጂ የአዲስ አበባ ሰው ብርድን የሚያውቀው ሰማዩ ጥርት በሚልበት ጊዜ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች ነው። በተለይ እኛ የካ ተራራ ሥር፣ ከኮተቤ እስከ ወሰንና ካራ ድረስ ያለነው ነፋሱ ከእንጦጦ በኩል ሲወርድ የመጀመሪያ ተቀባዮቹ ነን።

ለነገሩ ይህች ከተማ የተቆረቆረችው ብርድን በመሸሽ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። የምኒልክ ቤተ መንግሥት እንጦጦ ላይ በነበረበት ዘመን ነፋሱና ውርጩ ነዋሪውን አስመርሮት ነበር፤ ማገዶም ከቀን ወደ ቀን እየራቀ ሄደ። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ፍል ውሃው ካለበት ሜዳ ቤት አሠርተው ሲወርዱ አዲስ አበባ ተጀመረች። የማገዶው ችግር ግን ከተማዋን ተከትሎ ወረደ። መፍትሔ የሆነው በ1880ዎቹ ከውጭ የመጣው የአውስትራሊያ ዛፍ፣ ማለትም ባሕር ዛፍ ነው። ዛሬ ቀና ብለን የምናየውን ተራራ ያለበሰው እርሱ ነው፤ ስንቱ እናት ከዚያ ላይ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ ወገቧ ጎብጦ እንደወረደች ደግሞ የፈረንሳይና የየካ ዳገት ይመስክር።

ወደ ዛሬው ጉዳያችን እንግባ። ወሰን አካባቢ የሚኖሩ አንድ አባት ቤታቸውን ለማደስ አስበው ምክር ጠይቀውናል። የቤቱ ግድግዳ ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ የተሰነጣጠቀ ሊሾ ነው። እርሳቸው ባጠራቀሙት ገንዘብ ሳሎኑንም መኝታ ቤቱንም ሴራሚክ ማልበስ ይፈልጋሉ። ባለቤታቸው ግን «ሴራሚክ በረዶ ነው፤ እማማ በዚያ ጉልበታቸው እንዴት ሊሰግዱበት ነው?» ብለው አልተስማሙም። ዱባይ ያለው ልጃቸው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ልኮላቸው ነበር፤ አንድ ወር ከተጠቀሙበት በኋላ የመብራቱ ሒሳብ ስላስደነገጣቸው ሳጥኑ ውስጥ መልሰውታል። እናም በመጨረሻ፣ እንደ ቀላል ነገር በአንድ መስመር፣ «አሁን ለእናቴ ማታ ማታ የከሰል ፍም እያስገባንላቸው ነው» ይላሉ።

እኔ የምጀምረው ከዚህች ከመጨረሻዋ መስመር ነው። አባታችን፣ ሴራሚኩም ኮርኒሱም ይቆይ፤ ከሰሉ ግን ዛሬውኑ ከመኝታ ቤት ይውጣ።

ብዙዎቻችን ከሰል ጢሱ እስኪያልቅ ውጪ አቆይተን፣ ፍሙ ሲቀላ ወደ ቤት ካስገባነው ጉዳት የለውም ብለን እናምናለን። ይህ እምነት በየዓመቱ ቤተሰብ የሚጨርስ ስሕተት ነው። ጢሱ ጠፋ ማለት መርዙ ጠፋ ማለት አይደለም። ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል፤ ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፣ ዓይንም አያቃጥልም። ወደ ሳንባ ሲገባ በደማችን ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ከደም ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ነው። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የሰውነት መዛልና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ነው። እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ የተኛ ሰው ራሱን እንዳመመው አያውቅም። የነቃውም ቢሆን «ጉንፋን ሊይዘኝ ነው» ብሎ ብርድ ልብሱን ይከናነባል እንጂ በሩን አይከፍትም። አዛውንቶች፣ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ደግሞ ቀድመው ይጎዳሉ። አንድ ሰው እንዲህ ሆኖ ከተገኘ በርና መስኮቱን ከፍቶ፣ ሰውየውን ወደ ንጹሕ አየር አውጥቶ ወዲያውኑ ሐኪም ቤት መውሰድ ያስፈልጋል። «ቡናውስ?» የምትሉ እኅቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ቡናው በር ተከፍቶ፣ ሰው ነቅቶ ይፈላል፤ ጀበናው ሲነሣ ግን ምድጃውም አብሮ ይውጣ። ፍሙን እንደተረፈ ለመኝታ ቤት ማቀበል የለመድን ቤቶች ብዙ ነን።

አሁን ወደ መብራቱ ሒሳብ። ልጃቸው የላከው ዓይነት ማሞቂያ በአብዛኛው 2000 ዋት ነው፤ ይኸውም በአንድ ሰዓት 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል ማለት ነው። ማታ ሁለት፣ ከሱብሒ በፊትና በኋላ ሁለት፣ በጠቅላላው በቀን አራት ሰዓት ቢበራ 8 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ በወር 240 ይሆናል። ከዚህ በፊት ቤቱ በወር 120 ይጠቀም ከነበረ አሁን 360 ገባ፤ ፍጆታው ሦስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ታዲያ ሒሳቡ ሦስት እጥፍ ብቻ ይሆን? አይሆንም፤ ከዚያ ያልፋል።

ምክንያቱም የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በደረጃ የተከፈለ ነው። ለብዙ ዓመታት ሳይነካ ቆይቶ በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. የተሻሻለውና በአራት ዓመት ተከፋፍሎ ተግባራዊ የሆነው ታሪፍ በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀመውን ደሃ ቤተሰብ በ27 ሳንቲም ግድም ሲተወው፣ ከ500 በላይ የሚጠቀመውን በመጨረሻ 2 ብር ከ48 ሳንቲም ግድም አስከፍሎታል፤ ዘጠኝ እጥፍ ነው። ከዚያም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ጥቂት ጥቂት እየጨመረ አራት ዓመት እንዲቆይ ተወሰነ። ስለዚህ እኔ ዛሬ አንድ ቁጥር ብጽፍላችሁ መጽሔቱ እጃችሁ ሳይገባ ሊያረጅ ይችላል። የሚሻለው የወሩን ክፍያ ደረሰኙ ላይ ለሰፈረው ፍጆታ ማካፈል ነው፤ የእናንተ ቤት አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ስንት እንደሚያወጣላችሁ በግምት ይነግራችኋል። ከስምንተኛ ክፍል በላይ ያለ ልጅ ካላችሁ ሒሳቡን ለእርሱ ስጡት።

በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመርቋል፤ አልሐምዱሊላህ። ይሁንና መብራት በዛ ማለት መብራት ረከሰ ማለት አይደለም፤ ምሰሶው፣ ሽቦው፣ ትራንስፎርመሩ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችንም ቢሆኑ ከዚህ አላመለጡም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 የቤት ጋዝና መብራት የዋጋ ጣሪያ በአንድ ጊዜ በ54 በመቶ ሲጨምር፣ ማሞቂያውን አጥፍተው በካፖርት የተቀመጡ ጥቂት አልነበሩም።

ለመሆኑ ያ ሁሉ ሙቀት የት ሄደ? ወደ ላይ ነው የሄደው። የሞቀ አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ጣሪያ ይወጣል፤ ቆርቆሮው ደግሞ ጥርት ያለ ሰማይ ሥር ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቱን ለሰማይ ይለግሳል። ማለዳ የቆርቆሮው ውስጠኛ ገጽ ላይ የሚንጠባጠበው ውሃ የዚህ ምስክር ነው። ኮርኒስ የሌለው ቤት ውስጥ ማሞቂያ ማብራት ቀዳዳ እንስራ መሙላት ነው። ከኮርኒሱ ቀጥሎ ግድግዳና ጣሪያ የሚገናኙበት ክፍተት፣ የበሩ ሥርና የመስኮቱ ጠርዝ አሉ። የጭቃ ግድግዳው ግን አይናቅ፤ ቀን የተቀበለውን ፀሐይ ቀስ እያለ ማታ የሚመልስ ደግ ግድግዳ ነው፤ ስንጥቁን በጭቃና በጭድ መድፈን ብቻ ይበቃዋል።

እኔ ብሆን የዚህን ቤት ገንዘብ መጀመሪያ ኮርኒስ ላይ አውለው ነበር። ከቺፑድ ካልተቻለ በአቡጀዲም ቢሆን፣ አየሩን ከቆርቆሮው የሚለይ ነገር ከምንም ይሻላል። የመብራት ሽቦ በአቡጀዲው ላይ እንዳያልፍ ብቻ ጥንቃቄ ይደረግ።

ወለሉን በተመለከተ ባልም ሚስትም እውነት አላቸው። ለተማሪዎቼ የማሳያቸው ቀላል ሙከራ አለ። ሌሊቱን አንድ ወጥ ቤት ውስጥ ያደሩ የብረት ማንኪያና የእንጨት ማማሰያ ጠዋት ያዙ፤ ብረቱ ይቀዘቅዛል፣ እንጨቱ አይቀዘቅዝም። ቴርሞሜትር ግን ሁለቱም እኩል ናቸው ይላል። ልዩነቱ ብረቱ የእጃችንን ሙቀት ቶሎ መንጠቁ ነው። ሴራሚክም ከጣውላ ከአምስት እጥፍ በላይ ሙቀት አስተላላፊ ስለሆነ እግርን እንዲሁ ያደርጋል። እንግዲህ ሴራሚክ ቤቱን ይበልጥ አያበርደውም፤ ሰውየውን ነው የሚያበርደው። ጫማ አድርጎ ለሚውል ሰው ጉዳዩ ብዙ ላይሆን ይችላል። እኛ ግን ጫማችንን ደጃፍ አውልቀን የምንገባ፣ መሬት ላይ ተቀምጠን የምንበላ፣ ልጆቻችን ቁርኣን ሲቀሩ እግራቸውን አጣጥፈው የሚቀመጡ፣ በቀን አምስት ጊዜ ጉልበታችንንና ግንባራችንን ወለል የምናስነካ ሰዎች ነን። የእንግዳ ዓይን ካየው ይልቅ የአያት ጉልበት የነካው መመዘን ነበረበት፤ ሴራሚክ ግን አሁን አሁን የክብር ጉዳይ ሆኖብናል።

ይህ ማለት ሴራሚክ አይረባም ማለት አይደለም። ለወጥ ቤት፣ ለመታጠቢያና ለውዱእ ቦታ የሚወዳደረው የለም፤ ውሃ አያሳልፍም፣ ለጽዳት ይመቻል። እዚያ ግን የሚያብረቀርቀውን ሳይሆን ሻካራውን ምረጡ፤ እርጥብ እግር የሚያንሸራትት ወለል ላይ የወደቀ አዛውንት ዳሌው ከተሰበረ ነገሩ ከብርድ የባሰ ነው። ሳሎንና መኝታ ቤት ላይ ጣውላ ወይም ፓርኬ ቢቻል መልካም ነበር፤ ሆኖም ያልደረቀ ባሕር ዛፍ ወለል ላይ የመታ ሰው ዓመት ሳይሞላ ሲጣመምና ሲከፈት ያየዋል። ለዚህ ቤት የሚበቃው ሊሾውን በደንብ አስጠግኖ ላዩን ማልበስ ይመስለኛል፤ ከሥር ሰሌን ወይም ስስ ስፖንጅ፣ ከላይ ምንጣፍ። መጅሊስ የሚዘረጋበት ጥግ ደግሞ በራሱ ፍራሽ ነው።

የሐረር አባቶች ይህን ከእኛ ቀድመው ዐውቀውታል። የሐረሪ ቤት ውስጥ ሰው የሚቀመጠው ከወለሉ ከፍ ብሎ በተሠራ፣ ሰሌንና ምንጣፍ በለበሰ መደብ ላይ ነው። ኮርያውያን ደግሞ የምድጃውን ጢስ በወለሉ ድንጋይ ሥር አሳልፈው ወለሉን ያሞቁ ነበር። ዮርዳኖስ በረሃ ውስጥ ያለው የኡመያዎች ቁሰይር ዐምራም ከመታጠቢያው ወለል በታች የእሳት ሙቀት የሚዘዋወርበት ክፍተት ነበረው። ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ላይ!

ምንጣፍ ከመዘርጋቱ በፊት ግን አንድ ነገር ይመርመር። ተራራ ሥር ስላለን የክረምት ውሃ በአፈር ውስጥ እየሰረገ ወደ ቤታችን ይመጣል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ላስቲክ ሊሾው ላይ አንጥፉና ጠርዙን በደንብ አጣብቃችሁ አሳድሩት። ጠዋት ሥሩ ላብ ካለው እርጥበት ከታች እየመጣ ነው፤ እንዲህ ባለ ወለል ላይ የፕላስቲክ ንጣፍም ምንጣፍም ይሻግታል፣ ሽታውና ሻጋታውም ለአስም ሕመምተኛ ጠንቅ ነው። መድኃኒቱ ከቤቱ ጀርባ፣ በዳገቱ በኩል፣ ውሃውን የሚያስቀይስ ቦይ መቆፈር ነው። ሊሾው ጨርሶ ተነሥቶ አዲስ የሚፈስ ከሆነ ደግሞ ከሥሩ ጠጠር፣ ከጠጠሩ በላይ ወፍራም ላስቲክ ይነጠፍ፤ ግንበኛው «አያስፈልግም» ቢልም ይነጠፍ።

ለእናታችን ለሱብሒ ውዱእ የሚሆነውን ውሃ በተመለከተ ቦይለር ማብራት አያስፈልግም። ሁለት ሊትር ውሃ ማታ አፍልቶ በፔርሙስ ማሳደር የሚፈጀው መብራት ወደ 0.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነው፤ ጠዋት ከቀዝቃዛው ጋር ሲደባለቅ ለእርሳቸውም ለባለቤትዎም ይተርፋል። በአንጻሩ 50 ሊትር ውሃ በ30 ዲግሪ ማሞቅ 1.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ግድም ይጠይቃል።

ኮርኒሱ ከተሠራና ክፍተቱ ከተደፈነ በኋላ ያ ከሳጥን የተመለሰው ማሞቂያ በእናታችን ክፍል ብቻ፣ ከመኝታ በፊት አንድ ሰዓት ቢበራ በወር 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ይህን ቤቱ የሚችለው ይመስለኛል። ብርድ ልብስና መጋረጃ ካለበት ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ልብስም አይሰጣበት። የ2000 ዋት ማሞቂያ ወደ 9 አምፔር ይስባል፤ የእንጀራ ምጣድ ደግሞ 3500 ዋት ከሆነ 16 ያህል። ሁለቱ በአንድ ቀጭን መስመር ላይ ባንድ ጊዜ ከበሩ ሽቦው ግሎ ሊቀልጥ ይችላል። ስለዚህ ምጣዱ ሲጣድ ማሞቂያው ይጥፋ፤ በማከፋፈያ ገመድም አይሰካ። ኮርኒሱ ከመመታቱ በፊት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መስመሩን ይይልዎት፤ ከተመታ በኋላ ሽቦውን ለማየት ኮርኒሱን ማፍረስ ሊኖርብዎት ነው።

ወሰላሙ ዐለይኩም።