«በሞቴ» አትበሏት

ባለፈው ወር አክስቴ ቤት የምስጋና ጠበል ጻዲቅ ነበር። ቤቷ ቆሼ ነው፤ ነፋሱ በዞረ ቀን መስኮት የማይከፈትበት ሰፈር። ድግሱ የጡት ካንሰር ሕክምናዋን በመጨረሷ ነው። ቀዶ ሕክምና፣ ኬሞ፣ ጨረር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወረፋ። ያን ሁሉ አልፋ ጸጉሯ መብቀል ጀምሯል። ነጠላዋን ጣል አድርጋ እንግዳ ስታስተናግድ ለሚያያት ደስ ትላለች።

ጠላ ተቀዳ። ለእሷም ተቀዳ። «እኔ ይቅርብኝ፣ ትቻለሁ» አለች። ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት፤ አላለቀም። አንዷ ጎረቤት ጣሳውን አንስታ እጇ ላይ አስቀመጠችና «በሞቴ!» አለች። ሌላዋ ተቀበለች፤ «እንዴ! ሞትን አሸንፈሽ መጥተሽ ጠላ ትፈሪያለሽ? አፈር ስሆን፣ አንዴ ብቻ ፉት በዪላት!» ሳቅ ሆነ። እኔም ሳቅሁ። ልናዘዝ ካልኩማ «ተይ እንጂ አክስቴ፣ ሰው አታስከፊ» ያልኩት እኔው ነኝ። ፉት አለችላት። ከዚያ ጣሳው እስኪያልቅ ማንም አልተዋትም።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ዕቃ እያጠበች ጠየቀችኝ፤ «ለመሆኑ ይሄ ነገር አሁን ይጎዳኛል ወይስ አይጎዳኝም?»

መልስ አልነበረኝም። ከአንድ ዓመት በላይ ሐኪም ቤት ተመላልሳለች። ስለ መጠጥ ግን አንድም ሰው ቁጭ አድርጎ አላስረዳትም። ሕክምናው ሲያልቅ የሰማችው «እንግዲህ ያገኘሽውን ብዪ፣ ጠጪ» የሚል ምርቃት የሚመስል ምክር ነው። ሐኪሙ ሾርባና ውኃ ማለቱ ይሆናል። ቤተሰቡ ጠላ ብሎ ሰማ።

ይህን የምጽፈው ሰው አይጠጣ ለማለት አይደለም። እኔም እጠጣለሁ። ካንሰር ታክሞ የተረፈ ሰው ይጠጣ አይጠጣ የሚለው ውሳኔ የራሱ ነው፤ እኛ ግን በ«በሞቴ» እየቀማነው ነው። ይህ ፍቅር አይደለም። ፍቅር ነው የምትሉ ካላችሁ እስኪ እስከ መጨረሻው ታገሱኝ።

በእኛ አገር ከጠላ የሚያስጥል አንድ የታወቀ ቃል አለ፤ «መድኃኒት ላይ ነኝ»። ይህን ያለ ሰው አይነካም። ለአሜባም ይሠራል፣ ለጥርስ ሕመምም ይሠራል። አክስቴ ኬሞ ላይ ሳለች ማንም ጣሳ አላቀረበላትም። ሕክምናው ባለቀ ማግስት መከላከያዋም አብሮ አለቀ። «ድነሻል አይደል? ታዲያ ምን ሆንሽ?» ይሏታል። አልፈልግም ማለት በቂ ምክንያት የማይሆንበት ማኅበረሰብ ውስጥ ጤነኛ መሆን ራሱ ጣጣ ነው።

ደግሞ እኮ አሁንም መድኃኒት ላይ ናት! ታሞክሲፈን በየቀኑ ትውጣለች። ይህ ኪኒን ብዙውን ጊዜ ለ5 ዓመት፣ ለአንዳንዶች እስከ 10 ዓመት ይወሰዳል። ሥራው ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን የጡት ካንሰር ሴሎችን እንዳያሳድግ መንገዱን መዝጋት ነው። አልኮል ደግሞ በሴቶች ሰውነት ውስጥ ያንኑ ኢስትሮጅን ከፍ ያደርጋል። በሩን የሚዘጋ ኪኒን ጠዋት ውጣ፣ በሩን የሚገፋ ጣሳ ማታ በግድ እንሰጣታለን።

አልኮል ካንሰር ያመጣል የሚለው ትናንት የተሰማ ወሬ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም አልኮልን ትምባሆና አስቤስቶስ ካሉበት መደብ ውስጥ ያስገባው በ1988 እ.ኤ.አ. ነው። የአፍ፣ የጉሮሮ፣ የምግብ ቧንቧ፣ የጉበት፣ የትልቁ አንጀትና የሴት ጡት ካንሰር ከአልኮል ጋር የተያያዙ ናቸው። ሰውነታችን አልኮልን ሲፈጭ አሴታልዲሃይድ ወደሚባል ነገር ይለውጠዋል፤ እሱ ደግሞ የሴሎቻችንን ዘረመል ያበላሻል። ድርጅቱ በ2023 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ለጤና ምንም ስጋት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ በግልጽ አስታውቋል። እንግዲህ ጉዳዩ ከታወቀ ወደ 40 ዓመት እየተጠጋ ነው፤ አክስቴ ግን ከሰው ሁሉ ዘግይታ እንኳ አልሰማችም።

«ጠላ እኮ እህል ነው» የሚል ይመጣል። እህልስ እህል ነው። ግን እስኪ እንቁጠረው። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ቢራ 5 በመቶ አልኮል ቢኖረው ውስጡ ያለው ንጹሕ አልኮል 13 ግራም ገደማ ነው። ግማሽ ሊትር የሚይዝ ጣሳ ጠላ 4 በመቶ ብቻ ቢሆን ወደ 16 ግራም ይደርሳል። አክስቴ ያን ቀን የጠጣችው ከአንድ ቢራ ይበልጣል ማለት ነው። ቢራው ላይ ቢያንስ ቁጥር ተጽፎበታል፤ ጣሳው ላይ ምንም የለም። አረቄማ አይነሳ። ዳግም አረቄ እስከ 45 በመቶ ይደርሳል፤ የሚጠጣበት ዕቃ ስሙ «መለኪያ» ነው፣ ግን ምን እንደሚለካ የሚያውቅ የለም።

ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ፤ የቀይ ወይን ምክር። ኬሞ የደም መጠን ያወርዳል። የታመመችው ትገረጣለች። ይሄኔ አንድ አዋቂ ይነሳና «ቀይ ወይን ስጧት፣ ደም ይሆናታል» ይላል። ቀለሙ ደም ስለመሰለ ደም ይሆናል! በዚህ ሒሳብ በርበሬም ደም ነው። አልኮል ደም አይሠራም፤ እንዲያውም ደም የሚሠራውን መቅኔ ይጫናል። ገንዘብ ተዋጥቶ፣ ከሱቅ ወይን ተገዝቶ፣ አፏ በኬሞ ለቆሰለ ሴት በማንኪያ ሲሰጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ቁስሉ ላይ ሲያርፍ እንባዋ ይወርድ ነበር። «ጠንከር በዪ» ይሏታል ደግሞ። ነጭ ሽንኩርት የተዘፈዘፈበት አረቄን ለሆድ የሚያዝዘውም ከዚሁ ወገን ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ክርክር እንምጣ። ይሄን ነገር ሰፈር ውስጥ ሳወራ አንድ ጎልማሳ ጎረቤታችን ሳቀብኝ። «አንተ ልጅ፣ እኛ ቆሼ ነው የምንኖረው። ይሄን ሁሉ ጭስና ሽታ ስንምግ ኖረን በአንድ ጣሳ ጠላ ታስፈራራናለህ?» አለኝ።

ሰውዬው የቀለደ እንዳይመስላችሁ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲቀብር እዚሁ ነበር። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ፣ ባለሥልጣን መጣ፣ ካሜራ መጣ፣ ሁሉም ሄደ። በዓመቱ ከቆሻሻ መብራት የሚያመነጭ ፋብሪካ ተመረቀ። ሰፈሩ ግን አሁንም ስሙ ቆሼ ነው። ለዚህ ሰው ስለ ጤና ስትነግሩት መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «እስከዛሬ የት ነበራችሁ?» ብሎ ነው። በሳይንሱም ቢሆን ነጥብ አለው፤ ያው ተቋም በ2013 እ.ኤ.አ. የተበከለ አየርን እዚያው አልኮል ያለበት መደብ ውስጥ አስገብቶታል።

ታዲያ አሸነፈኝ? አላሸነፈኝም። ጭሱን አክስቴ አልመረጠችውም። ጭሱን ለማስቆም መንግሥት፣ በጀትና ብዙ ዓመት ያስፈልጋል፤ ስለ እሱም ዝም ማለት የለብንም። ጣሳውን ለማስቀረት የሚያስፈልገው ግን የእኛ አፍ መዘጋት ብቻ ነው። ከአንድ መርዝ ማምለጥ ያልቻለን ሰው «እንግዲህ ሁለተኛውንም ጨምር» ማለት ምን የሚሉት ዝምድና ነው? የቆሼ ሰው ሌላው ሁሉ ተወስኖበት ነው የኖረው። የት እንደሚኖር፣ ምን እንደሚተነፍስ፣ መቼ እንደሚነሳ። ምን እንደሚጠጣ እንኳ ራሱ ይወስን እንጂ!

የሚወስነው ግን ሲያውቅ ነው። ስለዚህ ሐኪሞቻችንንም አልምርም። የት እንደታከመች አልጽፍም፤ በሽተኛ የሚያስታምሙ ወዳጆቼን ጠይቄ ያገኘሁት መልስ ያው ስለሆነ ጉዳዩ የአንድ ቤት አይመስለኝም። ሐኪሙ በቀን ስንት ሰው እንደሚያይ አይቻለሁ፣ አዝንለታለሁም። ግን ሦስት ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ነው። ለአፍ፣ ለጉሮሮና ለምግብ ቧንቧ ካንሰር የታከመ ሰው መጠጣቱን ከቀጠለ እዚያው አካባቢ ሁለተኛ ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ይጨምራል፤ ጉበቱ የተነካም እንደዚሁ። ለእነዚህ መልሱ ቁርጥ ነው፣ አትጠጡ። ለጡት ካንሰር ግን እውነቱ ውስብስብ ነው። በቀን አንድ መጠጥ እንኳ መጀመሪያ በካንሰሩ የመያዝን ዕድል ከማይጠጡት አንጻር ከ7 እስከ 10 በመቶ ይጨምራል። (ከመቶ ሴት 10ሩ ትያዛለች ማለት አይደለም፤ አስቀድሞ የነበረው ዕድል ላይ አንድ አሥረኛ ገደማ ተጨመረ ማለት ነው።) የታከመው ካንሰር ይመለሳል ወይ ለሚለው ግን ጥናቶቹ አንድ ዓይነት መልስ አይሰጡም። ገሚሶቹ አዎ ይላሉ፣ ገሚሶቹ ልዩነት አላየንም ይላሉ። ይህንንም መንገር ነው። አክስቴ አራተኛ ክፍል ብቻ ብትደርስም «ይህ ይታወቃል፣ ይህ ገና አልታወቀም» ሲሏት ይገባታል። የጠላ ንግዷን ትርፍና ኪሳራ በቃሏ የምትይዝ ሴት ናት።

አዎ፣ ያን ቀን የቀረበው ጠላ የራሷ ጥንስስ ነው። አክስቴ ጠላ ጠምቃ ነው ልጆቿን ያሳደገችው። ድፍድፉን በጥብጣ ጉሹን የምትቀምሰው እሷ ናት። አሁን ገባችሁ? ለእሷ «ተዪው» ማለት ከሥራሽ ተነሽ እንደማለት ሆኖ ሊሰማት ይችላል። እንዲህ ያለችን ሴት ነው በምርቃት የሸኘናት።

መንግሥትም የራሱ ድርሻ አለው። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ወረደ፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥም ተከለከለ። ጥሩ ተሠርቷል፣ አመሰግናለሁ። ግን ማስታወቂያውን ማውረድ አንድ ነገር ነው፤ አልኮልና ካንሰር ዝምድና እንዳላቸው ለሕዝብ መንገር ሌላ ነው። አየርላንድ በ2023 እ.ኤ.አ. ጠርሙስ ላይ የካንሰር ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍ ደንብ አወጣች፤ የሚጀመርበት ጊዜ በኋላ ተገፋ እንጂ። እኛ ጋ ጠርሙስ ላይ ቢለጠፍ እንኳ እንስራ ላይ አይለጠፍም። ስለዚህ ሥራው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የእድሮችና እንደ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ያሉ ማኅበራት ነው። አንድ ገጽ ወረቀት በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ታትሞ ሕክምናዋን ጨርሳ ለምትሸኝ ሴት ቢሰጣት ስንት ብር ይፈጃል?

በሌላ በኩል ያሉትንም አልተዋቸውም። የታመመ ሰው ብርጭቆ ይዞ ሲያዩ «ራስህ ጠርተህ አመጣኸው» የሚሉ አሉ። ዕድሜዋን ሙሉ መጠጥ ያልነካች ሴት ጡት ካንሰር ይይዛታል፤ ሲጠጣ የኖረ ሰው ደግሞ ሽማግሌ ሆኖ በሌላ በሽታ ይሞታል። ስጋት ይጨምራል ማለት ይህን አድርገህ ይህ ደረሰብህ ብሎ መፍረድ አይደለም። አንድ ሰው ሁሉንም አውቆ፣ አስቦበት፣ በልጁ ሠርግ አንድ ብርሌ ጠጅ ቢጠጣ ማናችንንም አይመለከትም። ያለፈው አልበቃ ብሎት ከእኛ ፍርድ ሊቀበል ነው እንዴ?

ማክበር እንደምንችል ደግሞ አውቃለሁ። ኮልፌ ሙስሊምና ክርስቲያን አብሮ የሚኖርበት ነው። ድግስ ሲኖር ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ቀሪቦ ለብቻው ይዘጋጃል፣ ብርዝ ይቀርባል። «በሞቴ፣ ከጠላው ቅመሱ» ብሎ የሚያስቸግራቸው የለም። ቢኖር ሰፈሩ ሁሉ «አንተ ነውረኛ» ይለዋል። ሃይማኖቱ ነው ስንባል ዝም እንላለን። ጤናዬ ነው ስንባል ለምን እንጨቃጨቃለን? ቀሪቦው እንደሆነ አስቀድሞ ተዘጋጅቷል፤ አንድ ብርጭቆ ከዚያ መቅዳት ነው። ማንም ለምን ብሎ ሳይጠይቃት፣ ሕመሟን ለእንግዳ ሁሉ ሳታስረዳ።

«በሞቴ» ራሱ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት እስኪ። እምቢ ካልሽ እኔ ልሙት ነው። ሞትን ሁለት ዓመት ፊት ለፊት ስታየው ለኖረች ሴት ነው በጨዋታ መልክ በሌላ ሰው ሞት የምናስምላት።

የሆነውን ልንገራችሁ። ያገኘሁትን ሁሉ ይዤ ሄጄ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማች፤ ስለ ቀይ ወይኑ ስነግራት ብቻ ሳቀች። ጉሽ መቅመስ ትታለች። የቅምሻው ሥራ ለዚያችው «በሞቴ» ላለቻት ጎረቤት ተሰጥቷል፤ ደንበኞች እስካሁን አላጉረመረሙም። «ለጥምቀትስ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ለጥምቀት ካማረኝ ራሴ እቀዳለሁ፤ ጣሳው የት እንዳለ አውቃለሁ» አለችኝ።

የሚቀጥለው ጠበል ጻዲቅ እኔ ቤት ነው። ሁለት ጀሪካን ቀሪቦ አዝዣለሁ።