ፍቅር የሚመስል ውሸት

እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው «ድመት በጋለ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ» የተሰኘው የአሜሪካ ፊልም በሚሲሲፒ የሚኖር የአንድ ባለጠጋ ቤተሰብን ታሪክ ያሳየናል። አባትየው በካንሰር ሊሞት ነው፤ በ65ኛው የልደት በዓሉ ግን ጤነኛ ነህ ተብሎ ደስ ብሎታል። ልጁ ብሪክ ውሸትን እጸየፋለሁ ይላል፤ ራሱ ግን ከገዛ እውነቱ በመጠጥ ይሸሸጋል።

እኛስ? ሕመምተኛው እንዳይደነግጥ ብለን የምርመራ ውጤቱን ስንደብቅ ፍቅር እንለዋለን። ነገር ግን ይቅርታ የሚጠይቅበትን፣ ቤቱን የሚያሰናዳበትን፣ ከአምላኩ ጋር የሚታረቅበትን ጊዜ እየወሰድንበት ነው። በፊልሙ አባትና ልጅ የተቀራረቡት እውነቱ ከወጣ በኋላ ነው።

ሐዋርያው ዮሐንስ በመጀመሪያ መልእክቱ ኅብረትን ከብርሃን ጋር ያያያዘው በከንቱ አይደለም። በጨለማ የሚኖር ቤተሰብ አብሮ ይበላል እንጂ ኅብረት የለውም። ወገኖች ሆይ፣ ጌታ በፍቅር እውነትን የምንናገርበት ድፍረት ይስጠን፤ አስቀድመንም ለራሳችን።