ለአንዲቱ እጅ

ይድረስ ለአቶ ግርማ ሰይፉ
የቀድሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

እኔ የእርስዎ መራጭ አልነበርኩም። ወደ ምክር ቤት የላኩዎት አዲስ አበቤዎች ናቸው። እኔ ያለሁት ደምበጫ ነው፤ ከደብረ ማርቆስ ወደ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ሲሄዱ በአውቶቡስ መስኮት አይተዋት የሚያልፏት ከተማ። ይሁንና የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል የመላው ሕዝብ ተወካይ ነው ስለሚል፣ ለአምስት ዓመት የእኔም እንደራሴ ነበሩ ማለት ነው። ሥነ ዜጋ አስተማሪ ነኝና አንቀጽ መጥቀስ ይቀናኛል፤ ይታገሱኝ።

የማመሰግንዎት ከ2003 እስከ 2007 ድረስ በዚያ ወንበር ስለሠሩት ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ የኢዜማ ፓርቲን ተቀላቅለው በአዲስ አበባ አስተዳደር ውስጥ ኃላፊነት መውሰድዎን አውቃለሁ። አንዳንድ ወዳጆቼ «ተቃዋሚው ሹም ሆነ» ብለው ይታዘቡዎታል፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ደግ አደረገ ይላሉ። እኔ በዚያ ክርክር ውስጥ አልገባም። የሰው ዕዳ ሳይከፈል ሲቆይ ያስተዛዝባልና፣ የቆየውን ልክፈል ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያስታውሱ ወጣቶች ቁጥሩን ልድገመው። በግንቦት 15 ቀን 2002 ምርጫ ከ547 ወንበሮች ኢሕአዴግ 499ኙን ወሰደ፤ አጋር ፓርቲዎቹ 46 ያዙ፤ አንድ የግል ተወዳዳሪ ገባ። የቀረችውን አንዲት ወንበር ያገኙት በተቃዋሚዎች ጥምረት በመድረክ ስም የተወዳደሩት እርስዎ ነዎት። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይባላል፤ እርስዎ ግን ከፓርቲዎ ሁለተኛ ሰው አልነበረዎትም። አስፈጻሚውን በሚመለከት ጉዳይ ላይ ምክር ቤቱ እንዲወያይ ለመጠየቅ ሕገ መንግሥቱ የአባላቱን አንድ ሦስተኛ ይፈልጋል። ይህም ከ180 በላይ ሰው ነው። የእርስዎ አቅም እጅ ማውጣትና ማይክ ሲደርስዎት መናገር ብቻ ነበር።

ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ንግግርዎን ነው፤ ከጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጋር የተለዋወጡትን፣ በኋላም በአቶ ኃይለ ማርያም ጊዜ የጠየቁትን። ሞቅ ያለ ክርክር በቴሌቪዥን ሲታይ ደስ ይላል። እኔን የሚያስገርመኝ ግን ካሜራ የማይቀርጸው ሥራ ነው። ረቂቅ አዋጅ ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ይመጣል፣ በመጀመሪያ ንባብ ይቀርባል፣ «ለዝርዝር ዕይታ» ወደ ቋሚ ኮሚቴ ይመራል፣ ከዚያ የውሳኔ ሐሳብ ይዞ ይመለስና ድምፅ ይሰጥበታል። ብዙ ወንበር ያለው ፓርቲ ሥራውን ይከፋፈላል። የግብር ረቂቅ ሲመጣ ግብር የሚያውቀው ያነበዋል፣ የመሬት ሲመጣ መሬት የሚያውቀው ይመረምረዋል፣ ሌላው ጓዱን አምኖ እጁን ያወጣል። አንድ ሰው ብቻውን ሲሆን ማንን ያምናል? በጀቱንም፣ የአምስት ዓመቱን የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድም፣ የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጁንም፣ ወደ እሱ ኮሚቴ ባይመራ እንኳ፣ ራሱ ቁጭ ብሎ ማንበብ አለበት። ሳያነቡ መቃወም እንደሚቻል አውቃለሁ፤ በእኛ አገር የተለመደ ነው። ሲጠይቁ የሰማዎት ሰው ግን አንብበው እንደገቡ ይገባዋል።

የሊዙን ነገር ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አዋጅ ቁጥር 721/2004 አዲስ አበባን ብቻ የሚመለከት የሚመስለው ሰው ነበር። አዋጁ ግን ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በስተቀር በሌላ መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ቦታው ወደ ሊዝ እንዲገባ አድርጓል። ይህ ደግሞ ደምበጫም ፍኖተ ሰላምም ጭቃ ቤት ሠርታ ጠላ የምትሸጥ መበለት ድረስ ይዘልቃል። ቤቷን ሸጣ ወደ ልጇ መሄድ ብትፈልግ ገዢው የሚረከበው ከሊዝ ጋር ነው። እንዲህ ያለ ሕግ ሲወጣ ከ547 ሰው መካከል «ቆይ እስኪ» የሚል ቢያንስ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ መኖሩ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አካባቢያችን ስለ ጎጃም ልንገርዎት፤ ታሪኩን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። በ1960 የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሕግ መምሪያና ሕግ መወሰኛ የሚባሉ ሁለት ምክር ቤቶች ነበሩ፤ ፓርቲ ግን አይፈቀድም ነበር። ለእንደራሴነት ለመወዳደርም ንብረት ያስፈልግ ነበር። ረቂቁ ሲታይ የከረመው በአብዛኛው በባለ ሰፊ መሬቶች ዓይን ነው፤ ማሻሻያውም ለእነሱ እንዲመች ሆኖ ተቀነባበረ። የጎጃም ገበሬ ጥያቄ ሌላ ነበር። «ገማች መጥቶ እህሌን ሲገምት መሬቴንም ሊለካ ነው ወይ? ከተለካ በኋላስ ርስቴ የእኔ ሆኖ ይቀራል ወይ?» የሚል። የመሬት መለኪያው ቀላድ ወደ ደቡብ በወረደበት ዘመን ምን እንዳደረገ የሰማ ገበሬ እንዲህ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። በጎጃም በ1930ዎቹም በ1940ዎቹም በዚሁ በግብርና በመሬት ጉዳይ ሽፍታና አመፅ ነበር። መልሱ ከአዲስ አበባ በወቅቱ አልመጣም። ከሞጣ እስከ ዳሞት ገበሬው ተነሣ፤ ጦር ተላከ፤ አውሮፕላን ቦንብ ጣለ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከሥልጣናቸው ተነሱ፣ ንጉሠ ነገሥቱም የተከማቸውን ውዝፍ ግብር ማሩ።

የምለው ይህ ነው፤ በምክር ቤት ያልተጠየቀ ጥያቄ አይጠፋም፣ ሜዳ ላይ ይጠየቃል፤ ሜዳ ላይ ሲጠየቅ ደግሞ ዋጋው የሰው ደም ነው። ጎጃሜ ይህን በቤቱ ያውቀዋል፤ ዛሬም በአካባቢያችን የምናየውን ላነሳው አልፈልግም፤ የሚያነብ ያውቀዋል። ስለዚህ እርስዎ ያለ ጠብመንጃ፣ በሙሉ ልብስ ሆነው፣ ሕግ በፈቀደው ሰዓት «አልስማማም» ሲሉ የነበረው ነገር እዚህ ለምንኖር ሰዎች ቀላል አይደለም። አዋጁ «በአንድ ተቃውሞ» ጸደቀ ሲባል በዜና ስንሰማ፣ የእኛ ሐሳብም ቢያንስ በመዝገብ ላይ ሰፈረ እንል ነበር።

ውጤት አላመጡም የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ «አይሆንም» ብለው ያስቀሩት አዋጅ አላውቅም። እንዲያውም በመስከረም 2004 የመድረክ አባል የነበረው የፓርቲዎ የአንድነት ምክትል ሊቀ መንበር አንዱዓለም አራጌ በፀረ ሽብር ሕጉ ታሰሩ፣ በኋላም የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው፤ እርስዎ ደግሞ በዚያው ጊዜ በዚያው አዳራሽ ይቀመጡ ነበር። ያን ወንበር ትቶ መውጣት ይቀል ነበር፤ ብዙ ሰውም የሚያጨበጭብልዎት ያኔ ነበር። ቆዩ። ጥር 2007 ላይ ምርጫ ቦርድ የአንድነትን ስም ለሌላ ቡድን ሰጠ፤ በግንቦት 2007 ምርጫ ደግሞ ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ 547ቱንም ወሰዱ። ያኔ አዋጅ ያለ ተቃዋሚ ፓርቲ የሚያልፍበት ጊዜ መጣ። ዓመት ሳይሞላ በኦሮሚያ፣ ቀጥሎም በአማራ ክልል ሕዝብ አደባባይ ወጣ። አዳራሹ ዝም ያለው ሕዝቡ የሚጠይቀው አጥቶ አልነበረም።

በብሪታንያ ውስጥ ዌልስ የምትባል ትንሽ አገር አለች። በካርዲፍ የሚሰበሰበው ምክር ቤቷ 60 አባላት ነበሩት፤ «60 ሰው ረቂቅ ሕግን በደንብ ለመመርመር አይበቃም» ተብሎ በ2024 እ.ኤ.አ. ቁጥሩን ወደ 96 የሚያሳድግ ሕግ አወጡ። ይህን ሳነብ እርስዎን አስታወስኩ። ሳቄም መጣ፤ እኛ አገር የተቃዋሚው ወገን ሥራ ሁሉ ለአንድ ሰው ተትቶ ነበርና።

ከእርስዎ በኋላ ሌሎች መጥተዋል። በ2013 ምርጫ አብን (የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ) አምስት፣ የእርስዎ ኢዜማም አራት ወንበር አገኙ። የአብኑ ክርስቲያን ታደለ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴን እየመሩ የኦዲት ጉድለት ያለባቸውን መሥሪያ ቤቶች ኃላፊዎች ፊት ለፊት ሲጠይቁ በቴሌቪዥን አይተናል። በ2015 ክረምት ያለመከሰስ መብታቸው ሳይነሣ ታሰሩ። አንቀጽ 54 ስለዚህም የሚለው አለ፤ ለተማሪዎቼ ሳስተምረው ድምፄ ይቀንሳል።

ስለ ገበሬው ደግሞ አንድ ነገር ላንሳ። ምክር ቤቱ ሥራ የሚጀምረው መስከረም መጨረሻ ላይ ነው፤ የሚዘጋው ሰኔ 30። አባላቱ ወደ መረጣቸው ሕዝብ በአብዛኛው የሚመለሱት በክረምት ነው። በክረምት ደግሞ የደምበጫ ገበሬ ማሳው ላይ ነው፤ ለስብሰባ ከተማ ውጣ ቢሉት የጤፉ እርሻና አረም አይለቀውም። ትልቁ ጥያቄው ማዳበሪያ ነው፤ እሱም የሚያስጨንቀው ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው፤ ያኔ ምክር ቤቱ በጀት ለማጽደቅ ይጣደፋል። በ2015 ክረምት መግቢያ ላይ ማዳበሪያ ያጣ ገበሬ ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ አቤት ያለው፣ የሚሰማው ሰው የሚገኝበት ቀንና የሚቸግረው ቀን ስለማይገጣጠሙ ጭምር ይመስለኛል። እርስዎ በዚያ አዳራሽ አምስት ዓመት ስለቆዩ፣ አሁን ላሉት አባላት ይህን ቢነግሩልኝ ደስ ይለኛል፤ የወረዳችሁን ሰው ክረምት ሳይገባ፣ በሚያዝያ ጠይቁት ይበሉልኝ።

አንድ ልመናም አለችኝ። በትምህርት ቤታችን ተማሪዎች ምክር ቤት መስለው ይከራከራሉ። አፈ ጉባኤ ለመሆን ይሻማሉ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ለመሆንማ ይጣላሉ። ብቻውን እጁን የሚያወጣውን ሰው ለመሆን ግን ፈቃደኛ አላገኘሁም፤ «ምን ብዬ ልናገር?» ይሉኛል። በእነዚያ አምስት ዓመታት በምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ የሰፈሩትን ጥያቄዎችዎንና የተሰጠዎትን መልስ ቅጂ ቢልኩልኝ፣ ለዚያ ልጅ በእጁ እሰጠው ነበር። ሙሉው ካልተቻለ የሁለት ወይም የሦስት ስብሰባ ይበቃል፤ በተለይ ሊዝና በጀት ላይ የተነጋገሩበት ቢገኝ።

 

አክባሪዎ፣
የሥነ ዜጋ መምህር፣ ከደምበጫ