ከወሊድ በኋላ የተሞላ ወረቀት
ፓርቶግራፍ የምጥ ሂደት መከታተያ አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ የፅንሱ የልብ ምት በየ30 ደቂቃው፣ የማህፀን በር አከፋፈት በየ4 ሰዓቱ ይመዘገብበታል። የአከፋፈቱ ነጥቦች የሚሠሩት መስመር ከማስጠንቀቂያው መስመር ወደ ቀኝ ካለፈ ምጡ ዘግይቷልና ሐኪም ይጠራ ማለት ነው። ታዲያ አንዳንዱ ወረቀት ላይ ነጥቦቹ መስመር ሳይስቱ እንደ ዶቃ ተደርድረው ይታያሉ፤ እናቲቱ ከተገላገለች በኋላ በአንድ ቁጭታ መሞላቱን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያሻም። (ምጥ እንዲህ በሥርዓት ሲሄድ ማን አይቶ ያውቃል?) አራት አምስት ምጥ የያዛቸውን እናቶች ለብቻዋ የምትጠብቅ አዋላጅን መውቀስ ይቀላል። እኔ የምጠይቀው ተረኛውን ሐኪም ነው፦ ስልክ እስኪደወልለት ለምን ይጠብቃል? በተራዘመ ምጥ ፌስቱላ የያዛት ሴት፣ ታፍኖ ተወልዶ አንገቱን ማቅናት ያቃተው ሕፃን «የእግዜር ሥራ ነው» ተብለው ይሸኛሉ፤ የዚያን ሌሊት ወረቀት አውጥቶ የሚያይ ግን የለም።