ያረጀው ሎኮሞቲቭ ይሩጥ ወይስ ይረፍ?

በብሪታንያ ዋና የባቡር መስመሮች ላይ መደበኛው የእንፋሎት ጉዞ ያበቃው በኦገስት 1968 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እሳቱ ግን አልጠፋም፤ ወዳጆቻቸው ሎኮሞቲቮቹን እየጠገኑ ዛሬም ያስኬዷቸዋል። ይህ ይቀጥል ወይስ ታሪካዊዎቹ ሙዚየም ይግቡ? ሁለት ጸሐፊዎች ይሟገታሉ።

ይሩጥ

ቆሞ የሚታይ ሎኮሞቲቭ ግማሽ ነገሩ የለም። እሳቱ ከጉዞው ብዙ ሰዓት አስቀድሞ ይለኮሳል፤ ብረቱ በጥድፊያ ከሞቀ ይጎዳልና ማንም አያጣድፈውም። እሳት አንዳጁ ከሰሉን የሚጨምረው ገና ከሩቅ የሚመጣውን ዳገት አስቦ ነው፤ ዳገቱ ከተጀመረ በኋላ እንፋሎት ፍለጋ መሯሯጥ አያዋጣም። ነጂው የጭስ ማውጫውን ምት በጆሮው ይከታተላል። ይህ ዕውቀት በመጽሐፍ ሊሰፍር ይችላል፤ የሚኖረው ግን በእጅ ነው፤ እጅም ሥራ ሲፈታ ይረሳል።

ፍላይንግ ስኮትስማንን እንውሰድ። ናይጀል ግሬዝሊ ነድፎት በ1923 ዶንካስተር ውስጥ ተሠራ፤ በ1934 በሰዓት 100 ማይል፣ ማለትም 160 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ መሮጡ በይፋ ተመዘገበ። በ1963 ከአገልግሎት ሲሰናበት አላን ፔግለር በ3,000 ፓውንድ ገዛው። አሜሪካ ድረስ ወስዶት ሲያዞረው ዕዳ ውስጥ ገብቶ ከሠረ፤ ዊልያም ማካልፓይን በ1973 ወደ አገሩ መለሰው። ሁለቱ ሀብታቸውን ያፈሰሱት ሲሄድ ሊያዩት ነው እንጂ ቆሞ ሊመለከቱት አልነበረም።

በደቡብ ዌልስ፣ ባሪ ላይ፣ የዳይ ዉድሃም የውዳቂ ብረት ግቢ ነበር። ዉድሃም አሮጌ ፉርጎዎችን በመቆራረጥ ስለተጠመደ ሎኮሞቲቮቹ ለዓመታት ሳይነኩ ቆዩ፤ ከዚያ ግቢ 213ቱ ተርፈዋል። ዝገቱን እየፋቁ፣ ጥቀርሻ እየጠገቡ ያደሷቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። መጨረሻው ከገመድ ጀርባ መቆም ነው ቢባሉ ኖሮ ያን ያህል ዓመት የሚደክሙ አይመስለኝም።

“የጥንት አካሉ ያልቃል” የሚለውን ስጋት አውቀዋለሁ። ነገር ግን ፍላይንግ ስኮትስማን በ1947 ሌላ ዓይነት ቦይለር ተገጥሞለት የተሻሻለ ነው። በዶንካስተር ወርክሾፕ ቦይለር ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛወር ኖሯል። ያልተነካ አካል ድሮውንም አልነበረም።

ይረፍ

የእንፋሎቱ ድምፅ ሲሰማ እኔም እንደ ባልደረባዬ ልቤ ይነሣል። የምሰጋውም ስለምወዳቸው ነው።

በ1947 የተገጠመውን ቦይለር የገጠመው የባቡር ድርጅቱ ነው፣ ለሥራው ሲል። ስለዚያ ዘመን ይመሰክራል። ዛሬ እኛ አውጥተን የምንጥለው ቁራጭ ግን ያንኑ ምስክርነት ይዞ ይሄዳል፤ በቦታው የምናስገባው አዲስ ብረት የሚናገረው ስለ እኛ ብቻ ነው። ሁለቱን እኩል ማየት አልችልም።

ጆርጅና ሮበርት ስቲቨንሰን የሠሩትን፣ ሮኬት የተባለውን ሎኮሞቲቭ ይመልከቱ። በ1829 ሬንሂል ላይ የሎኮሞቲቮችን ውድድር ሲያሸንፍ ሲሊንደሮቹ በጣም ያዘነበሉ ነበሩ፤ በኋላ ዝቅ ተደርገው አግድም ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። አጥኚዎች ብረቱን ፈታትተው ሲመረምሩ በሥራ ዘመኑ የደረሰበትን ለውጥ ከላዩ ማንበብ ቻሉ። ሮኬት እስከ ዛሬ ያለቀው እየተተካለት ቢሮጥ ኖሮ ምን ይነበብ ነበር? መሮጡን ማየት ለሚፈልግ በ1979 ቅጂው ተሠርቷል። ቅጂው ይሩጥ፣ ዋናው ይረፍ!

ማላርድም አለ። ጁላይ 3 ቀን 1938 በሰዓት 126 ማይል (203 ኪሎ ሜትር) ሮጦ እስካሁን ያልተሰበረውን የእንፋሎት ክብረ ወሰን አስመዘገበ፤ በዚያው ሩጫ አንዱ ተሸካሚው ከመጠን በላይ ግሎ ተጎዳ። አሁን ዮርክ ሙዚየም ውስጥ እሳት አልባ ቆሟል። ክብረ ወሰኑ 75 ዓመት ሲሞላው በ2013 ከዘሩ የተረፉት ስድስቱም ዮርክ ላይ ተገናኙ፤ ሁለቱ ከአሜሪካና ከካናዳ በመርከብ ተጭነው ነው የመጡት። ሰዉ ጎረፈ። የማላርድ እሳት አለመንደዱ ፍቅሩን አልቀነሰውም።

የገንዘቡ ነገር ደግሞ ያሳስበኛል። ከ2006 እስከ 2016 በዘለቀው የፍላይንግ ስኮትስማን ጥገና 4.2 ሚሊዮን ፓውንድ ወጥቷል፤ በተፈታ ቁጥር አዲስ ጉዳት እየተገኘ ሂሳቡም ጊዜውም ረዘመ። በዚያው አገር ስንት ሎኮሞቲቭ ጣሪያ አጥቶ ዝናብ ይበላዋል። ደግሞም ሌላ መንገድ አለ፤ 49ኙም ተቆራርጠው ካለቁበት ዘር በ2008 ቶርኔዶ አዲስ ተሠርቶ ተጠናቀቀ። እሱ ሲሮጥ የሚያልቅ ታሪክ የለም።

የመጀመሪያው መልስ

ቶርኔዶን በመጥቀስዎ ደስ ብሎኛል። ቦይለሩ የት ተሠራ? በጀርመን፣ ማይኒንገን ከተማ ነው፤ ምሥራቅ ጀርመን እስከ 1980ዎቹ በእንፋሎት ስለሠራች የዚያ ወርክሾፕ ሠራተኞች ሙያውን አላቋረጡም። ብሪታንያ በ1825 የስቶክተንና ዳርሊንግተንን መስመር የከፈተች አገር ሆና ሳለ ትልቁን ቦይለር ውጭ አሠራች። ሁሉም አሮጌ ሎኮሞቲቭ ቢቆም ቀጣዩን ቶርኔዶ ማን ይሠራዋል?

የሁለተኛው መልስ

ይህን አልክድም። እንግዲያው ሙያው በቶርኔዶና በባሪ ትራፊዎች ላይ ይለመድ፤ ብዙ ናቸው፣ ይበቃሉ። እንደ ፍላይንግ ስኮትስማን ያሉት ግን ቦይለራቸው በአስር ዓመት ገደማ ለጥገና ሲወርድ፣ ከላያቸው የተነቀለው እያንዳንዱ ቁራጭ ተለክቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ቁጥር ተሰጥቶት ይቀመጥ። ይህ ካልተደረገ መዶሻው አይነሣ።