የኤሌክትሮኒክ ሲጋራና የትምባሆ ንጽጽር፡- ከምን አንጻር? ለማን?

ትምባሆ በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ለሞት እንደሚዳርግ የዓለም ጤና ድርጅት መረጃ ያመለክታል። ከእነዚህም መካከል 1 ነጥብ 6 ሚሊዮን ያህሉ ራሳቸው ሳያጨሱ በሌሎች አጫሾች ጭስ ምክንያት ሕይወታቸውን የሚያጡ ናቸው። ማጨስን ካላቆሙ የትምባሆ ተጠቃሚዎች መካከል እስከ ግማሽ የሚደርሱት በዚሁ ሱስ ሳቢያ እንደሚሞቱም ድርጅቱ ይገልጻል።

ይህን ያህል ጥፋት የሚያደርስ ምርት ባለበት ዓለም "ከሲጋራ የተሻለ አማራጭ ተገኝቷል" የሚል ዜና ሲሰማ ጆሮውን የሚሰጥ ሰው ቢበዛ የሚያስገርም አይደለም። በኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ በተለምዶ "ቬፕ" እየተባለ በሚጠራው መሣሪያ ዙሪያ ባለፉት ሁለት አሥርተ ዓመታት ሲካሄድ የቆየው ክርክር መነሻም ይኸው ነው። መሣሪያው በእርግጥ ከሲጋራ ያነሰ ጉዳት አለው ወይ? አለው ከተባለስ መልሱ ሕግ ለሚያስከብሩና የሕዝብን ጤና ለመጠበቅ ኃላፊነት ለተጣለባቸው አካላት ምን ትርጉም ይሰጣል? የሚሉት ጥያቄዎች በጥሞና ሊታዩ ይገባል።

ልዩነቱ ከቃጠሎ ይጀምራል

የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ አሁን ባለው መልኩ የተሠራው እ.ኤ.አ በ2003 ሆን ሊክ በተባሉ ቻይናዊ የፋርማሲ ባለሙያ ነው። መሣሪያው ባትሪ፣ የሚግል ሽቦና ፈሳሽ የሚያዝበት ክፍል አለው። ፈሳሹ በአብዛኛው ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን የተባሉ ንጥረ ነገሮች፣ ማጣፈጫዎችና ኒኮቲን የተቀላቀሉበት ነው። ተጠቃሚው በሚስብበት ጊዜ ሽቦው ግሎ ፈሳሹን ወደ ተን ይለውጠዋል፤ ተኑም ወደ ሳንባ ይገባል። በዚህ ሂደት የትምባሆ ቅጠል አይቃጠልም።

በአንጻሩ ሲጋራ የሚሠራው በቃጠሎ ነው። ከቃጠሎው የሚወጣው ጭስ ከ7 ሺህ በላይ ኬሚካሎችን የያዘ ሲሆን ከእነዚህ ውስጥ ቢያንስ 69ኙ ካንሰር አምጪ መሆናቸው ተረጋግጧል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዛማ ጋዝና ታር የሚባለው ጥቁር ዝቃጭ የሚፈጠሩትም በዚሁ ቃጠሎ ነው። አጫሹን ከሲጋራው ጋር የሚያስተሳስረው ኒኮቲን ነው፤ ለሳንባ ካንሰርና ለከባድ የመተንፈሻ አካላት ሕመም የሚዳርገው ግን በዋናነት ጭሱ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪምና ተመራማሪ ማይክል ራስል እ.ኤ.አ በ1976 ሰዎች ሲጋራ የሚያጨሱት ለኒኮቲኑ ሲሉ ቢሆንም የሚሞቱት በታሩ መሆኑን ማስገንዘባቸው የሚታወስ ነው።

ሳይንሳዊ ግምገማዎች ምን ይላሉ?

በዚህ ጉዳይ ላይ በስፋት የሚጠቀሰው የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና ተቋም እ.ኤ.አ በ2015 ያወጣው ሪፖርት ነው። ተቋሙ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ጉዳት ከተለመደው ሲጋራ በ95 በመቶ ገደማ ያነሰ መሆኑን ገልጾ ነበር። የእንግሊዝ የሐኪሞች ሮያል ኮሌጅም በቀጣዩ ዓመት ባወጣው ሪፖርት የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ የረጅም ጊዜ ጉዳት ከሲጋራ ጉዳት 5 በመቶውን ያልፋል ተብሎ እንደማይገመት አስታውቋል።

ይሁን እንጂ የ95 በመቶው አኃዝ ከየት እንደመጣ መገንዘብ ያስፈልጋል። ቁጥሩ የረጅም ጊዜ የሕሙማን ክትትል ውጤት ሳይሆን እ.ኤ.አ በ2014 ከታተመና 12 ባለሙያዎች የተለያዩ የኒኮቲን ምርቶችን ጉዳት በንጽጽር ከገመቱበት ሥራ የተወሰደ ነው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔትም በ2015 ርዕሰ አንቀጹ የአኃዙ መሠረት ደካማ መሆኑን በመግለጽ ትችት አቅርቧል።

አኃዙ አከራካሪ ቢሆንም የንጽጽሩ አቅጣጫ ግን አከራካሪ አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ፣ የምህንድስናና የሕክምና አካዳሚዎች እ.ኤ.አ በ2018 ባወጡት ሰፊ ግምገማ፣ ሲጋራን ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሮኒክ ሲጋራ የተካ አጫሽ ለመርዛማ ንጥረ ነገሮች ያለው ተጋላጭነት እንደሚቀንስ በማያወላውል ማስረጃ መረጋገጡን አስፍረዋል። በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ2022 የወጣው ግምገማም የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ በአጭርና በመካከለኛ ጊዜ የሚያደርሰው ጉዳት ከማጨስ ጉዳት ጥቂቱን ክፍል ብቻ እንደሚይዝ፣ ሆኖም በተለይ አጭሰው ለማያውቁ ሰዎች ከጉዳት ነፃ አለመሆኑን አመልክቷል።

ማጨስን ለማቆም ከመርዳት አኳያም ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ በ2019 በእንግሊዝ 886 አጫሾችን ያሳተፈ ጥናት ይፋ ሆኗል። በዚህ ጥናት የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ከተሰጣቸው አጫሾች 18 በመቶው፣ እንደ ማስቲካና በቆዳ ላይ እንደሚለጠፍ ፕላስተር ያሉ የኒኮቲን ምትኮች ከተሰጣቸው ደግሞ 9 ነጥብ 9 በመቶው ከአንድ ዓመት በኋላ ከሲጋራ ርቀው ተገኝተዋል። ነገር ግን በኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ከተሳካላቸው ውስጥ 80 በመቶው ያንኑ መሣሪያ መጠቀማቸውን ቀጥለዋል፤ በምትኮቹ ከተሳካላቸው መካከል እንዲህ ያደረጉት 9 በመቶው ብቻ ነበሩ። ከሲጋራው ቢላቀቁም ከኒኮቲኑ ያልተላቀቁ ብዙዎች ናቸው ማለት ነው።

ንጽጽሩ የማይመለከታቸው ወገኖች

ከላይ የቀረቡት ማስረጃዎች ሁሉ አንድ የጋራ ቅድመ ሁኔታ አላቸው። ይኸውም ንጽጽሩ የሚሠራው አስቀድሞ ሲጋራ ለሚያጨስና ሲጋራውን ሙሉ በሙሉ ለሚተው ሰው ብቻ መሆኑ ነው። ቅድመ ሁኔታው ሲጓደል መደምደሚያውም አብሮ ይጓደላል።

ሲጋራውን ሳይተው የኤሌክትሮኒኩን የሚደርብ አጫሽ ከንጽጽሩ የሚያገኘው ጥቅም እጅግ አነስተኛ ነው። እ.ኤ.አ በ2018 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው በቀን አንድ ሲጋራ ብቻ የሚያጨስ ሰው ለልብ ሕመም ያለው ተጨማሪ ስጋት፣ በቀን 20 የሚያጨስ ሰው ካለበት ተጨማሪ ስጋት ግማሽ ያህሉ ነው። የሲጋራውን ቁጥር መቀነስ ብቻውን የአደጋውን መጠን በዚያው ልክ አይቀንሰውም።

ፈጽሞ አጭሶ የማያውቅ ወጣት ደግሞ ከዚህም የተለየ ነው። ለእርሱ መነጻጸር የሚገባው ተኑና ጭሱ ሳይሆን ተኑና ንጹሑ አየር ናቸው። በዚህ ሚዛን ሲታይ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ የሚያመጣለት ነገር ቢኖር በማደግ ላይ ያለን አንጎል የሚጎዳ ሱስ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ በ2019 በተካሄደው አገር አቀፍ የወጣቶች የትምባሆ ጥናት ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መካከል 27 ነጥብ 5 በመቶው የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ተጠቃሚ ሆነው ተገኝተዋል። ቁጥሩ በ2024 ወደ 7 ነጥብ 8 በመቶ ዝቅ ቢልም በጥቂት ዓመታት ውስጥ የተከሰተው መስፋፋት ምርቱ ለአጫሾች መታከሚያ ብቻ ሆኖ እንደማይቀር በግልጽ አሳይቷል።

በዚያው በ2019 በአሜሪካ የተከሰተው የሳንባ ጉዳት ወረርሽኝም ሌላ ትምህርት ሰጥቷል። እስከ የካቲት 2020 እ.ኤ.አ ድረስ 2 ሺህ 807 ሰዎች ሆስፒታል ሲገቡ 68ቱ ሕይወታቸው አልፏል። ምርመራው ጉዳቱን በዋናነት ያገናኘው ካናቢስ ውስጥ በሚገኝ ንጥረ ነገር የተዘጋጁ ፈሳሾችን ለማቅጠን ከገባው ቫይታሚን ኢ አሴቴት ጋር እንጂ ከተለመደው የኒኮቲን ፈሳሽ ጋር አልነበረም። ይህ ልዩነት በትክክል ሊነገር ይገባል። ከዚሁ ጋር ግን ይዘቱ ያልታወቀ ፈሳሽ በሕገ ወጥ ገበያ ሲሰራጭ የሚያስከትለው መዘዝ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ማስረጃ ነው።

የትምባሆ ኩባንያዎች ታሪክም ሊዘነጋ አይገባም። ካለፈው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ ኩባንያዎቹ ማጣሪያ ያላቸውንና "ቀላል" የተባሉ ሲጋራዎችን አነስተኛ ጉዳት እንዳላቸው በሚያስመስል ማስታወቂያ ሸጠዋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ በ2001 ባወጣው ሰነድ ግን አጫሾች ጭሱን አጥብቀው በመሳብ ልዩነቱን ስለሚያካክሱት ለሕዝብ ጤና የተገኘ ጥቅም አለመኖሩን አረጋግጧል። የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ቃጠሎ ስለሌለው ከእነዚያ ሲጋራዎች የተለየ ነው። ሆኖም ከጀርባው ያለው ጥቅም ተመሳሳይ ነው። አልትሪያ የተባለው የአሜሪካ የትምባሆ ኩባንያ በታኅሣሥ 2018 እ.ኤ.አ ጁል ከተባለው የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ አምራች 35 በመቶ ድርሻ ለመግዛት 12 ነጥብ 8 ቢሊዮን ዶላር መክፈሉ ለዚህ ማሳያ ይሆናል።

የሀገራት ምርጫ

አገሮች ይህንኑ ማስረጃ ይዘው የተለያየ መንገድ መርጠዋል። ብሪታኒያ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ለአዋቂ አጫሾች እንደ ማቆሚያ መሣሪያ ስታበረታታ ቆይታ፣ በወጣቶች ዘንድ መስፋፋቱ ስላሳሰባት አንድ ጊዜ ብቻ አገልግለው የሚጣሉትን ከሰኔ 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ ጀምሮ ከገበያ አግዳለች። አውስትራሊያ ሽያጩን በፋርማሲዎች ብቻ ስትወስን ህንድ እ.ኤ.አ በ2019 ሙሉ በሙሉ ከልክላለች። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ እ.ኤ.አ በታኅሣሥ 2023 መንግሥታት ሕፃናትንና የማያጨሱ ሰዎችን ለመጠበቅ አስቸኳይ እርምጃ እንዲወስዱ ጠይቋል።

ኢትዮጵያ የመረጠችው የክልከላውን መንገድ ነው። ሀገሪቱ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት በ2006 ዓ.ም ያጸደቀች ሲሆን፣ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ከሺሻና ጣዕም ከተጨመረባቸው የትምባሆ ምርቶች ጋር ከልክሏል። ይኸው አዋጅ በሥራ ቦታዎችና በሕዝብ መገልገያ ስፍራዎች ውስጥ ማጨስን አግዷል፤ ትምባሆ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥም ደንግጓል።

የዚህን ምርጫ ምክንያታዊነት ለመመዘን ከሁሉ በፊት የአጫሾችን ቁጥር ማየት ተገቢ ነው። በእንግሊዝ የ95 በመቶው አኃዝ ይፋ በሆነበት ዓመት ከስድስት ጎልማሶች አንዱ ያህል አጫሽ ነበር። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ በ2016 የተካሄደው የጎልማሶች የትምባሆ ጥናት እንደሚያሳየው ግን ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች የትምባሆ ተጠቃሚዎች 5 በመቶ ብቻ ናቸው፤ ከወንዶች 8 ነጥብ 1 በመቶ፣ ከሴቶች 1 ነጥብ 8 በመቶ። ብዙ አጫሽ ባለበት ሀገር ከጭስ ወደ ተን የሚሸጋገረው ሰው ይበዛል። ከመቶ ሰው 95ቱ ትምባሆ በማይጠቀምበት ሀገር ግን አዲሱ ምርት በአመዛኙ የሚያገኘው ከሱስ ነፃ የሆነውን ወጣት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ይህን ሰፊ ሀብት አስቀድሞ መጠበቅ ከሁሉ የተሻለ አዋጭ ነው።

ቀሪው የቤት ሥራ

ይህ ማለት ግን ክልከላው ብቻውን በቂ ነው ማለት አይደለም። በአዋጁ መሠረት ይበልጥ ገዳይ የሆነው ሲጋራ በግብርና በማስጠንቀቂያ ሥዕል ታጅቦ በሕጋዊ መንገድ ሲሸጥ፣ ጉዳቱ ያነሰው ምርት ደግሞ ተከልክሏል። ይህ አሠራር ሚዛናዊ የሚሆነው ማቆም ለሚፈልገው አጫሽ ሌላ በር ሲከፈትለት ነው። አንዱን መንገድ የዘጋ መንግሥታዊ አካል ሌላውን የመክፈት ግዴታ አለበት። የማዕቀፍ ስምምነቱ አንቀጽ 14 አባል ሀገራት ማጨስ ለማቆም የሚያግዝ አገልግሎት እንዲያስፋፉ የሚጠይቅ ሲሆን፣ የኒኮቲን ምትኮች እንዲሁም ቫሬኒክሊንና ቡፕሮፒዮን የተባሉት መድኃኒቶች በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ተካትተዋል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ በሐምሌ 2024 ያወጣው የሕክምና መመሪያም መድኃኒትና የባለሙያ ምክር በአንድነት እንዲሰጡ ይመክራል። እነዚህ አገልግሎቶች ከጤና ጣቢያ ጀምሮ ሊደርሱ ይገባል።

ሁለተኛው የቤት ሥራ ትክክለኛ መረጃ መስጠት ነው። ወጣቶችን ለማስፈራራት ሲባል "ቬፕ ከሲጋራ እኩል ይገድላል" ማለት ከማስረጃው ጋር ይጋጫል፤ ስህተቱ ሲታወቅም የተቀረው ምክር ተአማኒነት ያጣል። የሺሻ ጭስ በውኃ ውስጥ በማለፉ ይጠራል የሚለው የተሳሳተ እምነት ስንቱን እንዳዘናጋ የሚታወስ ነው። በመሆኑም መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎችና የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዎች "ከሲጋራ ይሻላል" ለሚለው አባባል "ለማን?" የሚለውን ጥያቄ አስቀድመው ሊያነሱ ይገባል።

ሦስተኛው ሕጉን በተግባር ማዋል ነው። የጉምሩክ ሠራተኞች እንደ ብዕር ወይም እንደ ፍላሽ ያለ ቅርጽ ይዘው የሚገቡትን መሣሪያዎች ለይተው እንዲያውቁ ማድረግ፣ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪዎችና የንግድ ቢሮዎች በሱቆችና በማኅበራዊ ድረ ገጾች የሚካሄደውን ሽያጭ በጋራ እንዲከታተሉ ማስቻል፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ከጭስ ነፃ የመሆን ግዴታቸውን በቅድሚያ በራሳቸው ግቢ እንዲያከብሩ ማድረግ የሚመለከታቸው አካላት ሁሉ ድርሻ ነው።

በአጠቃላይ ሲጋራን ሙሉ በሙሉ ለተወ አጫሽ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ያነሰ ክፋት ሊሆን ይችላል። አጭሶ ለማያውቀው ትውልድ ግን ያለምክንያት የሚጫን ጉዳት ነው። ሁለቱም እውነቶች በአንድነት መያዝ ይኖርባቸዋል፤ የመጀመሪያው ለአጫሹ የሕክምና አገልግሎት እንዲስፋፋ፣ ሁለተኛው ደግሞ ክልከላው ሳይሸራረፍ እንዲተገበር ያስገድዳል። አንዱን ብቻ ይዞ መጓዝ አጫሹን ያለ እርዳታ፣ ወጣቱንም ያለ ጥበቃ ይተዋል።